በእንቅልፍ ውስጥ ያለው ትንፋሽ፦ የምርምሩ ጉዞና የወለጋ ድርሻ

ነቀምት ውስጥ የደም ግፊት ክትትል ያለው ሰው ቀጠሮው ሲደርስ የሚጠየቀውን በደንብ ያውቃል። መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይወስዳሉ? ጨው ቀንሰዋል? ክብደትዎስ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። አንዱ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል፦ ሌሊት እንዴት ይተኛሉ? ሲያንኮራፉ ትንፋሽዎ ቆም ሲል የሰማ የቤተሰብ ሰው አለ? የደም ግፊትና የልብ ሕመም ከዚህ ጥያቄ መልስ ጋር የተሳሰሩ መሆናቸው ከታወቀ ግን ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል።

ይህ ዳሰሳ በእንቅልፍ ጊዜ ስላለው አተነፋፈስ ምን እንደተደረሰበት፣ በኢትዮጵያ ምን እንደተጠና፣ ለወለጋ ከተሞችና ገጠሮችም ምን ትርጉም እንዳለው ይመለከታል። ድምዳሜዬን ከወዲሁ ላስቀምጥ። በአገራችን ትንፋሽ ለብቻው፣ እንቅልፍም ለብቻው ተጠንተዋል። የትንፋሽ ተመራማሪዎች ወደ ተራራ ወጥተው ደምና ኦክስጅን ለኩ፤ የእንቅልፍ ተመራማሪዎች መጠይቅ ይዘው ወደ ዩኒቨርሲቲና ወደ ሆስፒታል ገቡ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ፣ ማለትም ተኝቶ የሚተነፍሰው ሰው፣ በበቂ አልተለካም። ወለጋ ይህን ሥራ ለመጀመር ምቹ ከሆኑት አካባቢዎች አንዱ ነው።

ጉሮሮ ሲላላ

ነቅተን ሳለን የምላስና የጉሮሮ ጡንቻዎች የአየሩን መንገድ ከፍተው ይይዛሉ። እንቅልፍ ሲወስደን ይላላሉ። ለብዙው ሰው ይህ ችግር የለውም። የአየር መንገዱ ከተፈጥሮው ጠባብ በሆነ፣ አንገቱ ላይ ስብ በበዛ፣ ቶንሲሉ ባበጠ ወይም መንጋጋው ወደ ኋላ በሸሸ ሰው ላይ ግን መላላቱ ወደ መዘጋት ይደርሳል። አየር ሲሳብ የጉሮሮው ግድግዳ እንደ ባዶ ስልቻ ይጣበቃል። ደረት ለመተንፈስ ይታገላል፤ አየር ግን አይገባም።

ሐኪሞች የትንፋሽ መቋረጥ የሚሉት ቢያንስ 10 ሰከንድ የቆየውን ነው። በዚህ ጊዜ የደም ኦክስጅን ይወርዳል፣ የደም ግፊት ይንራል፣ አንጎልም ሰውየውን ለጥቂት ሰከንድ ያባንነዋል። ጉሮሮው ይከፈታል፣ ትልቅ የማንኮራፋት ድምፅ ይሰማል፣ እንቅልፉም ይቀጥላል። ጠዋት ሰውየው ይህን አያስታውስም። የሚያስታውሰው የራስ ምታቱን፣ የአፉን መድረቅ፣ ሌሊት ለሽንት መመላለሱን፣ ቀን ደግሞ ተቀምጦ ማንቀላፋቱን ነው። መቋረጡ ወይም የአየሩ ማነስ በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ ከተከሠተ ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። ከባድ ችግር ያለበት ሰው በአንድ ሌሊት ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ይታፈናል ማለት ነው።

ይህ ሕመም በሕክምና መጻሕፍት ቦታ ያገኘው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የፈረንሳይና የጀርመን ሐኪሞች የተኙ ሰዎችን በመሣሪያ ሲከታተሉ ትንፋሽ ደጋግሞ እንደሚቆም በየፊናቸው ተመለከቱ። በ1976 የስታንፎርዱ ክርስቲያን ጊልሚኖ ከባልደረቦቹ ጋር ሕመሙን ስም ሰጥቶ በወጉ ገለጸው። በ1993 በአሜሪካ ዊስኮንሲን የወጣ ጥናት በመካከለኛ ዕድሜ ካሉ ወንዶች 24 በመቶው፣ ከሴቶች 9 በመቶው ቢያንስ ቀላሉ ዓይነት እንዳለባቸው አሳየ። በ2019 ደግሞ በዓለም ዙሪያ ከ30 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች 936 ሚሊዮን ያህሉ ከቀላል እስከ ከባድ የሆነ ችግር እንዳለባቸው ተገመተ።

በእኛ ዘንድ የሚያንኮራፋ ሰው ጥሩ እንቅልፍ የወሰደው ተደርጎ ይታያል። ቀን የሚያንቀላፋ ደግሞ ሰነፍ ይባላል። ሁለቱም ፍርድ ሰውን ይጎዳል። በየጊዜው እየተቋረጠ የሚያንኮራፋው ሰው እየተኛ ሳይሆን እየታገለ ነው፤ ቀን የሚጥለውም የሌሊቱ ድካም ነው። እንደ ዱካክ ያሉት ክሥተቶችም በዚሁ ዓይን መታየት አለባቸው። ሕልም በሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል የሰውነትን ጡንቻዎች ያስራል፤ እስሩ ሳይፈታ የነቃ ሰው መንቀሳቀስና መጮህ ያቅተዋል፣ ደረቱ የተጫነ ይመስለዋል። እንቅልፍ ማጣትም ይህን ያባብሰዋል። ይህን ማወቅ ብቻውን ብዙ ሰው ከፍርሃት ያሳርፋል።

ከክሊቭላንድ እስከ ሰሜን ተራሮች

የዚህን ሳይንስ ጉዞ ከኢትዮጵያ ጋር ካገናኙት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ሐኪምና ተመራማሪ ኪንግማን ስትሮል ነው። በክሊቭላንድ በሚገኘው ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ የትንፋሽና የእንቅልፍ ሕክምና ሲመረምርና ሲያስተምር ኖሯል። በ1978 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጽሑፍ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ በአንድ ቤተሰብ አባላት ላይ ተደጋግሞ እንደሚታይ አሳየ። አባት የሚታፈን ከሆነ ልጆቹንም መመርመር ተገቢ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው አስተዋጽኦ ለእኛ አገር የቀረበ ነው። በ1996 በርሊን ላይ የተሰበሰቡ ሐኪሞች አንድ ጥያቄ ገጠማቸው፦ ሌሊቱን ሙሉ በሽቦና በመሣሪያ የሚደረገውን ምርመራ ለሁሉም ማድረስ ካልተቻለ፣ ተራ ክሊኒክ ውስጥ ያለ ሐኪም ማንን ይጠርጥር? መልሱ የበርሊን መጠይቅ የሚባለው ሆነ። ስለ ማንኮራፋት፣ ስለ ቀን ድካም፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ክብደት ይጠይቃል። ስትሮል የተሳተፈበትና በ1999 የታተመው ጥናት መጠይቁን በክሊቭላንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና መስጫዎች ፈተነው፤ ከ744 ሰዎች 37.5 በመቶው ለችግሩ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ። እነዚህ ሰዎች ወደ ክሊኒኩ የመጡት ስለ እንቅልፋቸው ሊናገሩ አልነበረም።

ሦስተኛው ሥራ በቀጥታ ወደ አገራችን ያመጣናል። የሥነ ሰብእ ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢል፣ ስትሮል፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም አምሃ ገብረመድኅንና ሌሎች ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መረመሩ። ውጤቱ በ2002 ታተመ። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች የአየሩን መሳሳት በደማቸው ሄሞግሎቢን መጨመር ይቋቋሙታል። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ባይጨምርም የደማቸው የኦክስጅን መጠን ዝቅ ያለ ነው። በሰሜን ተራሮች የተገኘው ከሁለቱም ይለያል። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር ነበር፤ የኦክስጅን ሙሌታቸውም 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ልኬት ጋር የሚቀራረብ ነው።

በ2012 ቢል፣ አምሃና በዘረመል ሳይንስ የተሠማሩ ባልደረቦቻቸው የሰሜን ተራሮችን አማሮች ከባሌ ተራሮች ኦሮሞዎች ጋር አነጻጸሩ። የባሌዎቹ ደጋ ነዋሪዎች ሄሞግሎቢን ከሰሜኖቹ ከፍ ያለ ነበር። ተመራማሪዎቹ ልዩነቱን እያንዳንዱ ሕዝብ በከፍታ ላይ ከቆየበት ዘመን ርዝመት ጋር አያይዘው አይተውታል። የኢትዮጵያ ደጋ አንድ ዓይነት አካል የሚኖርበት ቦታ እንዳልሆነ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

በእነዚህ ጥናቶች የተለካው ትንፋሽ ግን ነቅቶ የተቀመጠ ሰው ትንፋሽ ነው። ያው ሰው ሲተኛ ኦክስጅኑ ስንት ይደርሳል? እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚቀረው።

የከፍታው ጉዳይ

ነቀምት ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ላይ ተቀምጣለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ በ22 በመቶ ገደማ ያንሳል። ጤናማ ሰው ነቅቶ ሳለ ይህ አይሰማውም፤ በእንቅልፍ ግን ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። የደም ኦክስጅን ሙሌት ከ90 በመቶ በላይ ሳለ ቀስ ብሎ ነው የሚቀንሰው፤ ከዚያ በታች ሲሆን ቁልቁለት ይገጥመዋል። ባሕር ጠረፍ ላይ ያለ ሰው ከቁልቁለቱ ርቆ ይጀምራል። ከፍታ ላይ ያለ ሰው ወደ ጠርዙ ተጠግቶ ስለሚጀምር፣ ለ20 ሰከንድ የሚቆም ትንፋሽ ኦክስጅኑን ይበልጥ ሊያወርደው ይችላል።

የዙሪክ ተመራማሪዎች የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ያለባቸውን ሰዎች ከ490 ሜትር ወደ 1,860ና ወደ 2,590 ሜትር አውጥተው ሲመረምሩ ችግሩ ተባብሶ አገኙት። ከጉሮሮ መዘጋት ሌላ፣ አንጎል ራሱ የመተንፈስ ትእዛዝ የሚያቆምበት ዓይነትም በዛ። እነዚህ ግን እንግዶች ናቸው። በፔሩ 3,825 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው ፑኖ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ሲጠኑ ደግሞ የሌሊት ኦክስጅናቸው ከቆላዎቹ ይበልጥ ይወርድ ነበር። የኢትዮጵያ ደገኛ እንደ ፔሩው ይሆናል? ወይስ የቀኑ ጥሩ ልኬት ሌሊትም ይጠብቀዋል?

ወለጋ ለዚህ ጥያቄ ተስማሚ ነው የምለው በመልክዓ ምድሩ ምክንያት ነው። ከነቀምት ወደ ጊምቢ የሚወስደው መንገድ ወደ ደዴሳ ሸለቆ ወርዶ ወንዙን ይሻገርና እንደገና ይወጣል። ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ ሻምቡ ከነቀምት ከፍ ትላለች፤ ቄለም ውስጥ ቱሉ ዋለል ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በቋንቋና በባህል የተቀራረበ ሕዝብ ከሞቃት ሸለቆ እስከ ብርዳም ደጋ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ይኖራል። ከፍታው በእንቅልፍ ትንፋሽ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ለመለየት ከዚህ የተሻለ ንጽጽር በቀላሉ አይገኝም።

መጠይቁ የነገረንና ያልነገረን

በኢትዮጵያ የእንቅልፍ ጥናት በብዛት የተሠራው በመጠይቅ ነው። ሰብለወንጌል ለማ፣ ብዙ ገላዬ፣ የማነ ብርሃኔና ባልደረቦቻቸው በ2012 ያሳተሙት ጥናት በጎንደርና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች 2,551 ተማሪዎችን አካትቷል። 55.8 በመቶዎቹ የእንቅልፍ ጥራታቸው ዝቅተኛ ነበር፤ ችግሩም ከጭንቀትና ከድብርት ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። በ2017 የታተመ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ጥናትም ከተማሪዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእንቅልፍ ማጣት እንደሚቸገሩ አሳየ። በዚያው ዓመት የሚዛን ተመራማሪዎች የፒትስበርግ የእንቅልፍ ጥራት መጠይቅ ለኢትዮጵያውያን መሥራቱን ፈትነው አረጋገጡ። እነዚህ ጥናቶች እንቅልፍን የሕዝብ ጤና ጉዳይ አድርገው ለአንባቢ አቅርበዋል፤ ውለታቸው ትልቅ ነው።

ይሁንና መጠይቅ የሚይዘው ሰውየው የሚያውቀውን ነው። ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ደግሞ ስለ ራሱ ሌሊት የሚያውቀው ጥቂት ነው። የጥያቄዎቹ ይዘትም ይታሰብበት። በሰፊው የሚሠራበት የኤፕዎርዝ የእንቅልፋምነት መለኪያ ቴሌቪዥን ሲያዩ ወይም መኪና ውስጥ ተቀምጠው ትራፊክ ሲያስቆምዎ ያንቀላፋሉ ወይ ይላል። ለወለጋ ገበሬ ይህ ጥያቄ ሕይወቱን አያውቀውም፤ በስብሰባ፣ በስብከት፣ በለቅሶ ድንኳን ወይም በአውቶቡስ ላይ ስለ ማንቀላፋቱ ቢጠየቅ ይሻላል። የበርሊኑ መጠይቅ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ክብደትን እንደ ምልክት ይቆጥራል። እኛ ዘንድ ቀጭን ሆኖ መንጋጋው ወይም ቶንሲሉ የሚያፍነው ሰው ሊያልፍበት ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን በወለጋ የሚጠየቀው በአፋን ኦሮሞ መሆን አለበት፤ የተተረጎመውም መጠይቅ በገጠር ተናጋሪዎች ፊት መፈተን ይኖርበታል።

የወለጋ ሌሊት

አካባቢው የራሱ ምክንያቶችም አሉት። የመጀመሪያው እንቅርት ነው። የአዮዲን እጥረት ለረጅም ዘመን በምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋዎች የተለመደ ችግር ሆኖ ቆይቷል። ያበጠ እንቅርት የአየር ቧንቧን ይጫናል፤ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲያንስ ደግሞ ምላስና ጉሮሮ ያብጣሉ፣ የመተንፈስ ግፊትም ይዳከማል። ሁለቱም የሌሊት ትንፋሽን ያውካሉ። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ከዚያ በፊት እንቅርት ያወጡ እናቶችና አያቶች ግን ዛሬም አሉ። እንቅርት ያላት ሴት ስታንኮራፋ ሰምቶ ዝም የሚል ባለሙያ መኖር የለበትም።

ሁለተኛው ጭስ ነው። አብዛኛው የገጠር ቤት በእንጨት ያበስላል። ጭሱ የአፍንጫንና የጉሮሮን ውስጠኛ ሽፋን ያሳብጣል፤ በተለይ ከእናታቸው ጋር ምድጃ ዳር የሚውሉ ሕፃናት ይጎዳሉ። በልጆች ላይ ደግሞ ዋናው የመታፈን ምክንያት የቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው ዕጢ ማበጥ ነው። አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ የሚያንኮራፋ፣ ቀን የሚነጫነጭ ልጅ ትንፋሹ ሊታይ ይገባል። በ2013 በአሜሪካ 464 ልጆችን ያካተተ ጥናት ቶንሲል ማውጣት የልጆቹን ምልክትና ባሕርይ እንዳሻሻለ አሳይቷል፤ በትኩረት ፈተና ላይ ግን ጉልህ ለውጥ አላመጣም። በአገራችን ይህን ዓይነት ልጅ ወደ ባህላዊ እንጥል ቆራጭ የመውሰድ ልማድ አለ። እንጥል መቁረጥ ያበጠውን ቶንሲል አይነካውም፤ ደም መፍሰስንና ኢንፌክሽንን ግን ያመጣል። ወላጅ ይህን ሊያውቅ ይገባል።

ቡና ሳይነሣ ስለ ወለጋ እንቅልፍ መጻፍ አይቻልም። የነቀምት ቡና በዓለም ገበያ በራሱ ስም የሚታወቅ ነው፤ ቡና ቀላ በቅቤ ተዘጋጅቶ የሚቀርብበት ባህልም አለ። ካፌይን አንጎልን ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀውን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራ ይጋርዳል። ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በ2013 የወጣ ጥናት ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አቦል፣ ቶናና በረካን የሚጠላ ሰው የለም፤ እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው ግን የቡናውን ሰዓት ወደ ጠዋትና ቀትር ቢያመጣው ይጠቅመዋል።

ሥራም እንቅልፍን ይወስዳል። በቆሎ ሲያሽት ገበሬው ከከርከሮ ሊጠብቀው ማማ ላይ ያድራል። ከአዲስ አበባ በነቀምትና ጊምቢ አድርጎ ወደ አሶሳ የሚያልፈው መንገድ የጭነት መኪና ሾፌሮችን ሌሊት ያስነዳል። የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ያለበት ሾፌር የአደጋ ዕድሉ ከሌላው በሁለት እጥፍ ተኩል ያህል እንደሚበልጥ የተለያዩ ጥናቶች በአንድነት ሲታዩ ያመለክታሉ። በቆላው በኩል ደግሞ በአንገርና በደዴሳ ሸለቆዎች የቆየው ኦንኮሰርካይሲስ የተባለው በሽታ የሚያስከትለው ማሳከክ ሰውን ሌሊቱን ሙሉ ያስቀምጣል፤ በመንግሥት የሚታደለው አይቨርሜክቲን የተባለው መድኃኒት ይህን ስቃይ የሚያቃልል ነው።

ከሁሉም የከበደው ያለፉት ዓመታት ግጭት ነው። ቤቱን ጥሎ የሸሸ፣ የቤተሰቡን ሞት ያየ፣ በየሌሊቱ የጥይት ድምፅ የጠበቀ ሰው ሰላም ቢወርድም እንቅልፉ ቶሎ አይመለስም። ቅዠት፣ በትንሽ ድምፅ መባነን፣ ለመተኛት መፍራት የታወቁ የሥነ ልቡና ቁስል ምልክቶች ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው ከመድኃኒት ቤት ዲያዜፓም ገዝቶ ቢውጥ ትንፋሹ የሚቋረጥ ከሆነ ጉሮሮውን ይበልጥ ያላላዋል፤ አረቄም እንዲሁ። ለሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት በመጀመሪያ የሚመከረው የአስተሳሰብና የልማድ ሕክምና ነው። በወለጋ ላሉ ተፈናቃዮች የሚሰጥ የሥነ ልቡና ድጋፍ እንቅልፍን እንደ ዋና ጉዳይ ሊይዝ ይገባዋል።

ሕክምናው ላይ ያለው ክርክር

በ1981 አውስትራሊያዊው ኮሊን ሰሊቫን ሌሊቱን ሙሉ በአፍንጫ በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚይዝ መሣሪያ አቀረበ። እስከ ዛሬ ዋናው ሕክምና ይኸው ነው። የቀን እንቅልፋምነትን እንደሚቀንስ አያከራክርም። ልብን ይጠብቃል ወይ የሚለው ግን ያከራክራል። በ2016 የታተመውና 2,717 ሰዎችን ያካተተው ጥናት መሣሪያው የልብ ድካምንና ስትሮክን እንደቀነሰ አላሳየም። ተሳታፊዎቹ በአማካይ በሌሊት 3.3 ሰዓት ብቻ ተጠቅመውበታል፤ ክርክሩም ከዚሁ ይነሣል።

ለወለጋ የሚያስፈልገው ትምህርት ግልጽ ይመስለኛል። ውድ መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛት፣ ማታ አረቄና ጠጅ መተው፣ የአፍንጫ መደፈንን ማከም፣ እንቅርትንና የታይሮይድ ችግርን ማከም፣ ለሕፃናት ቶንሲልን በሆስፒታል ማውጣት ሁሉም በእጃችን ያለ ነው።

የምርመራውም ጅምር እንዲሁ ቅርብ ነው። በኮቪድ ዘመን የተስፋፋው በጣት ላይ የሚገባው የኦክስጅን መለኪያ ሌሊቱን ሙሉ እንዲመዘግብ የተሠራ ዓይነትም አለው። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት መሣሪያው ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ኦክስጅንን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የማሳየት ዕድሉ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሆነ አረጋግጧል። ስለዚህ የእኛ ተመራማሪዎች ልኬቱን በደም ምርመራ ሊያመሳክሩት ይገባል።

ከየት ይጀመር?

በወለጋ የዘመናዊ ሕክምና ታሪክ ራሱ ከትንፋሽ በሽታ ጋር ይገናኛል። በ1911 ዓ.ም የኅዳር በሽታ አገሩን ካጠቃ በኋላ ነው አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ሐኪም ቶማስ ላምቢ ከሱዳን ተጠርቶ በ1919 እ.ኤ.አ. ወደ ደምቢ ዶሎ የመጣው። ዛሬ ነቀምት ውስጥ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ጊምቢ ውስጥ የቆየ የአድቬንቲስት ሆስፒታል፣ በ1999 ዓ.ም የተቋቋመው የወለጋ ዩኒቨርሲቲና የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ አሉ። ሐኪም፣ ነርስና ተመራቂ ተማሪ አለ።

ሦስት ነገሮች ቢደረጉ መስኩ ይለወጣል። አንደኛ፣ በደም ግፊትና በስኳር ክትትል ክፍሎች አራት ጥያቄ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የካርዱ አካል ይሁን፦ ታንኮራፋለህ? ትንፋሽህ ሲቆም የተሰማበት ጊዜ አለ? ቀን ያንቀላፋሃል? ጠዋት ራስህን ያምሃል? መልሱን ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ ወይም እናት እንዲሰጡ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሌሊቱን የሰሙት እነርሱ ናቸውና። ሁለተኛ፣ ከደዴሳ ሸለቆ፣ ከነቀምትና ከሻምቡ በጥቂቱ የተመረጡ ሰዎች ተኝተው ሳለ ኦክስጅናቸው ይለካ። በሰሜን ተራሮች የተጀመረው ሥራ የሚቀጥለው በዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ሾፌሮችና ሕፃናት ቅድሚያ ያግኙ፤ የሾፌሩ እንቅልፍ የተሳፋሪዎቹም ሕይወት ነው፣ የሕፃኑ ትንፋሽም እድገቱን የሚወስን ነው።

የኢትዮጵያ ደገኛ ነቅቶ እንዴት እንደሚተነፍስ ለዓለም ካሳወቅን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ተኝቶ እንዴት እንደሚተነፍስ የማወቅ ዕዳ የእኛው ነው፤ ዕዳውን ለመክፈል የሚያስፈልገው ባለሙያም፣ ጥያቄም፣ ሕዝብም በወለጋ ውስጥ አለ።